ስታርፉ አውሮፕላኑ ነጠረባችሁ? ተማሪ አብራሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በረራ ከሚማሩ ልጆች ጋር ትንሽ የተጨዋወተ ሰው ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይነሳም። ጎማው መሬት ነካ፤ አውሮፕላኑ ተመልሶ ተነሳ፤ ተማሪው ደነገጠ፤ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። እዚህ የምጽፈው ስለዚህ አንድ ስህተት ነው። የተለመደ ስህተት ነው፤ አውሮፕላን ይሰብራል፤ ግን በደንብ ከተረዱት መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ለምሳሌ የምጠቀመው ሴስና 172ን ነው፤ ብዙ ሰው የሚማረው በእሱ ስለሆነ። ቁጥሮቹን ለመረዳት ብቻ ውሰዷቸው። የምትበሩበት አውሮፕላን መመሪያ መጽሐፍና ኢንስትራክተራችሁ የሚሉት ይቀድማል።

«ነጠረ» ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው?

ጎማዎቹ መሬት ከነኩ በኋላ አውሮፕላኑ እንደገና አየር ላይ ወጣ ማለት ነው። አንዳንዴ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ሦስት ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ጎማው ገና ሳይነካ፣ ተማሪው መሪውን አብዝቶ ስለሳበ ብቻ አውሮፕላኑ ሽቅብ ይነሳል። ይህን ባሉን ይሉታል። መነሻቸው ይለያይ እንጂ የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው፦ ፍጥነቱ እያለቀ ያለ አውሮፕላን ከአስፋልቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የሚያነጥረው ጎማው ነው አይደል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ላስቲኩና የጎማው እግር ትንሽ መግፋታቸው እውነት ነው። ግን አውሮፕላን እንደ ኳስ አይነጥርም። ዋናው አንሺ ክንፉ ነው።

አውሮፕላኑ በፍጥነት መጥቶ ሦስቱም ጎማዎች እኩል ሲነኩ፣ ወይም የፊት ጎማው ሲቀድም፣ መሬቱ አፍንጫውን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚገናኝበት አንግል በአንዴ ይጨምራል። በቂ ፍጥነት ገና ስላለ ክንፉ ሥራውን ይሠራል፤ ያነሳል። ተማሪው በድንጋጤ መሪውን ከሳበ ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ «ነጠረ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑ መብረር ሳይጨርስ መሬት ነካ ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት መንጠሩ ነው?

አይደለም። ቀለል ያለ መንጠር በራሱ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያመጣም። የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ካፒቴኖችም ይነጥርባቸዋል። የሚሰብረው ከነጠረ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው።

ቀስ አድርገን እንየው። ተማሪው ፊት ለፊቱ አስፋልት ያይ ነበር። አሁን የሚያየው የሞተሩን ክዳንና ሰማይ ነው። ሰው ነውና ይደነግጣል። እጁ ሳያስበው መሪውን ወደፊት ይገፋል፤ «መሬት ላይ ላስቀምጠው» ነው ሐሳቡ። አውሮፕላኑ ግን ወዲያው አይታዘዝም፤ ትንሽ ይዘገያል። ተማሪው እምቢ ያለው ይመስለውና ይጨምርበታል። በዚህ መሃል አፍንጫው ይደፋና የፊት ጎማው ቀድሞ አስፋልቱን ይመታል። አፍንጫው ከመጀመሪያው በባሰ ኃይል ይወረወራል። ተማሪው እንደገና ይገፋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይከፋል። ፖርፖይዚንግ የሚባለው ይህ ነው።

የማረፍን ጭነት እንዲሸከሙ የተሠሩት ዋናዎቹ ጎማዎች ናቸው። የፊት ጎማው አውሮፕላኑን መሬት ላይ ለመምራት ነው። በሴስና 172 የፊት እግሩ የተያያዘው ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው የብረት ግድግዳ ጋር ነው። እግሩ በኃይል ሲመታ ያ ግድግዳ ይጨማደዳል። እግሩ ከታጠፈ ደግሞ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ያገኘዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ የለም። ለዚህ ነው መልሱ አስቀድሞ እጅ ውስጥ መግባት ያለበት።

እሺ፣ ነጠረብኝ። ምን ላድርግ?

አትግፉ። መሪውን አረጋግታችሁ አፍንጫውን ለማረፍ ወደሚያዝበት ቦታ መልሱትና እዚያው ያዙት።

መንጠሩ ትንሽ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየሄደ ከሆነ፣ ከፊትም በቂ ማኮብኮቢያ ካለ፣ እንደዚሁ ይዛችሁት ራሱ ይቀመጣል። አወራረዱን ለማለስለስ ትንሽ ስሮትል (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረው ማንሻ) የሚጨመርበት ጊዜ አለ። በዋናዎቹ ጎማዎች ይነካል፤ አበቃ።

ከፍ ብሎ ከነጠረ፣ ወደ ጎን ከሸሸ ወይም ሁለተኛ ጊዜ ከነጠረ ጎ-አራውንድ ነው፤ ማረፉን ትቶ ተመልሶ መነሳት ማለት ነው። «ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ?» ብላችሁ ከተጠራጠራችሁም ያው ነው። ሦስተኛውን አትጠብቁ።

ጎ-አራውንድ ሲሠራ መጀመሪያ ስሮትሉ እስከ መጨረሻው ይሰጣል። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ብዙ ተማሪ አይጠብቀውም። አውሮፕላኑ ትሪም የተደረገው፣ ማለትም መሪውን ሳይታገሉት አፍንጫው ባለበት እንዲቆይ የተስተካከለው፣ ለማረፍ ነው። ሙሉ ጉልበት ሲያገኝ አፍንጫው በኃይል ወደ ላይ ይነሳል፤ ወደ ግራም ይስባል። መሪውን ጠንከር አድርጎ መያዝና ቀኝ እግርን ረደሩ (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ፔዳል) ላይ መጫን የግድ ነው። እዚህ ላይ ወደፊት መግፋት ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ጉልበት አለ፤ የምትገፉትም አፍንጫው ከልክ በላይ እንዳይነሳ ነው። ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል) ወደ 20 ዲግሪ ይመለሳል፤ የቀረው አውሮፕላኑ መውጣት ከጀመረና ፍጥነት ካገኘ በኋላ ቀስ በቀስ ይነሳል። ሁሉንም በአንዴ ካነሳችሁት ክንፉ ተሸክሞት የነበረውን ይለቀዋል፤ አውሮፕላኑም ተመልሶ ይወርዳል።

ሬዲዮው መጨረሻ ላይ ነው። ታወሩ (የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው) ያያችኋል፤ ይጠብቃል። አፍንጫው ሳይረጋጋ ማይክ መጫን የለም።

ጎ-አራውንድ ብሠራ ኢንስትራክተሬ «አልቻለም» አይለኝም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ያበላሹትን ማረፍ በግድ ሊጨርሱ የሚታገሉት በዚህ ፍርሃት ነው። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ተማሪ ብቻውን ከመብረሩ በፊት በጎ-አራውንድ መሠልጠን ግዴታው ነው። ፈታኞችም ያዩታል። በጊዜ የወሰነ ተማሪ ነጥብ ያገኛል እንጂ አይቀነስበትም።

መንገደኛ የጫኑ ትልልቅ አውሮፕላኖችም ያደርጉታል። ቦሌ ልትደርሱ ስትሉ ሞተሩ ድንገት አጉረምርሞ አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲነሳ ገጥሟችሁ ከሆነ፣ ያ ጎ-አራውንድ ነው። ካፒቴኑ አልቻለም ማለት አይደለም።

ለምን ይነጥርብኛል? ሥሩ የት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ማኮብኮቢያው ላይ አይደለም። ከአንድና ሁለት ደቂቃ በፊት ነው።

የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ሴስና 172 በፍላፕ ሲመጣ 65 ኖት አካባቢ ይይዛል፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ተማሪ ስቶልን (ፍጥነት አንሶ ክንፉ ማንሳት ሲያቅተው) ስለሚፈራ «ለጥንቃቄ» 10 ኖት ይጨምራል። 75 ኖት ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ግን አውሮፕላኑ የያዘው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። 10 ኖት ሲጨመር ጉልበቱ በሲሶ ያህል ይበልጣል። ያ ሁሉ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ አልቀመጥ ይላል። ተማሪው ማኮብኮቢያው ሲያልቅበት ያይና በግድ ያስቀምጠዋል። ነጠረ።

ለመንሳፈፉ ሌላ ምክንያትም አለ። ከመሬት በላይ የክንፉን ርዝመት ያህል ከፍታ ውስጥ ስትገቡ መጎተቱ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመውረድ ይዘገያል። የሴስና 172 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ ነው። መጨረሻዋ 10 ሜትር ላይ አውሮፕላኑ ጠባዩን የሚቀይረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ይህን ኢንስትራክተሮች ሺህ ጊዜ ይሉታል፤ ሺህ ጊዜም ይረሳል። ተማሪው ልክ ከአፍንጫው ሥር ያለውን አስፋልት ካየ፣ አስፋልቱ ይሮጥበታል፤ ይደበዝዝበታል፤ ከፍታውን መገመት አይችልም። ወይ ቀድሞ ይስባል ወይ ይዘገያል። ዓይን ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ መሄድ አለበት። ከሩቅ ስታዩ በግራና በቀኝ ያለው ጠርዝ ወደ ላይ ከፍ እያለ ሲመጣ ይታወቃችኋል፤ የከፍታ ምልክታችሁ እሱ ነው። ማረፍ «አልገባኝም» ያለ ተማሪ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

ሦስተኛው እጅ ነው። መሪውን ጨምድዶ የያዘ እጅ አውሮፕላኑ የሚለውን አይሰማም። በሁለት ሦስት ጣት ያዙት። ትሪሙን በትክክል ካደረጋችሁ አውሮፕላኑ ራሱ ፍጥነቱን ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ላይ ማረፍ ለምን ይለያል?

ይህን ከአሜሪካ ለሚጽፉልኝ ልጆች ሰፋ አድርጌ መመለስ እወዳለሁ። ፍሎሪዳ የተማረ ሰው ከባሕር ጠለል አጠገብ ነው የተማረው። ቦሌ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ በጫማ ከ7600 በላይ። ድሬዳዋ 1160 ሜትር ገደማ ነው። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሴንቴኒያል ኤርፖርት 1790 ሜትር አካባቢ ነው።

ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል። ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። ቦሌ ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ የሚሠራው 10,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው። በዚህ አየር የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት ሲል አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው 75 ኖት ገደማ ነው።

ተማሪውን የሚያሳስተው ዓይኑ ነው። አስፋልቱ ከለመደው በላይ ሲሮጥበት «ፈጥኛለሁ» ይልና ፍጥነት ይቀንሳል። መለኪያው 55 ይልበታል። ወደ ስቶል እየተጠጋ ነው። እዚህ ላይ ማመን ያለባችሁ መለኪያውን ነው። የማረፊያው 65 ኖት በሁሉም ከፍታ ያው 65 ኖት ነው። የሚረዝመው መሬት ላይ የምትሮጡት ርቀት ነው።

ጎ-አራውንዱም ይለያል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ አየር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። በባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ 700 ጫማ የሚወጣው ሴስና እዚህ ግማሹንም አያገኝም። ስለዚህ ውሳኔው መቅደም አለበት። ሚክስቸሩም (ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነው ማንሻ) አለ። ዝቅ ባለ ቦታ የተማረ ሰው ለጎ-አራውንድ ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻው መግፋት ልማዱ ነው። በከፍታ ላይ ግን ነዳጁ ከአየሩ ይበዛና ሞተሩ ያለችውንም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ለማረፍ ስትመጡ አስቀድማችሁ ለከፍታው አስተካክሉት፤ ስትነሱም እዚያው ይቆይ። ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ላይ ለሚማሩ ይህ አይመለከታቸውም፤ ሞተሩ ተርቦ ያለው ዲዝል ነው፣ የሚክስቸር ማንሻም የለውም።

ከኢንስትራክተሬ ጋር ደህና ነኝ። ብቻዬን ስሆን ግን ነጠረብኝ። ለምን?

ከጎናችሁ የነበረው 70 ወይም 80 ኪሎ ወርዷል። ለትንሽ አውሮፕላን ይህ ብዙ ነው። ከመሬት ቶሎ ይነሳል፤ ስታርፉ ደግሞ ከለመዳችሁት በላይ ይንሳፈፋል። ያልጠበቀ ተማሪ «ለምን አይወርድም?» ብሎ ይገፋዋል። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ኢንስትራክተሩ ከመውረዱ በፊት ይህን ሊነግራችሁ ይገባል። ካልነገራችሁ ጠይቁት።

ኢንስትራክተሬ እያየ ለምን ቶሎ አልያዘልኝም?

ቶሎ ቢይዝባችሁ አትማሩም፤ ዘግይቶ ቢይዝ አውሮፕላኑ ይሰበራል። በሁለቱ መሃል ያለችው ጊዜ በጣም ጠባብ ናት፤ የእሱ ሙያ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ጥሩ ኢንስትራክተር እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተረጋጋ ይመስላል። ግን ዝግጁ ነው።

አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር ነው። «ማይ ኮንትሮል» (መሪውን እኔ ይዣለሁ) ሲል ወዲያው ትለቃላችሁ፣ «ዩር ኮንትሮል» (መሪው የአንተ ነው) ትላላችሁ፣ እሱም ይደግመዋል። ሁለት ሰው በአንድ መሪ መታገል ከመንጠሩ የባሰ አደጋ ነው። በድንጋጤ መሪውን ጨምድዶ አልለቅም የሚል ተማሪ ያጋጥማል። ይህን መሬት ላይ እያላችሁ ተለማመዱት።

ጠንከር ብዬ አረፍኩ፤ አውሮፕላኑ ግን ደህና ይመስላል። መናገር አለብኝ?

አዎ። በዚያው ቀን፣ ቀጣዩ ተማሪ ቁልፉን ከመውሰዱ በፊት።

በእኔ እምነት በዚህ ገጽ ላይ ካለው ሁሉ ይህ ይበልጣል። መንጠር ስህተት ነው፤ መደበቁ ግን ሌላ ሰው ላይ አደጋ መጣል ነው። የተጨማደደው ግድግዳ ከውጭ አይታይም። የፕሮፔለሩ ጫፍ አስፋልት ነክቶ ከሆነ ምልክቱ ትንሽ ጭረት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩ ውስጥ ግን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሴስና 172 አዳዲሶቹን ሞተር የሚሠራው ላይካሚንግ፣ ፕሮፔለር መሬት ከመታ ሞተሩ ተፈትቶ እንዲመረመር ያዛል። መካኒኩ ካላወቀ ምን ያደርጋል? ከእናንተ በኋላ የሚነሳው ልጅ በዚያ ሞተር ነው የሚበረው።

የአቪዬሽን ዓለም ይህን ስለሚያውቅ ለተናጋሪው ከለላ አበጅቷል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው የደኅንነት ሪፖርት ማቅረቢያ አለ። ሳያስበው የበረራ ደንብ የጣሰ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ሪፖርት ካደረገ፣ ጥሰቱ ቢረጋገጥበትም አብዛኛውን ጊዜ ቅጣቱ ይቀርለታል። ወንጀልንና ከባድ አደጋን ግን አይጨምርም። ተማሪም አብራሪ ነው፤ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከስልጠና ያስባርረኛል?

አንድ መንጠር አያስባርርም። ትምህርት ቤቶች የሚያዩት ተማሪው እየተሻሻለ መሆኑን፣ የተነገረውን መስማቱንና እውነት መናገሩን ነው። ተመሳሳይ ስህተት በተደጋጋሚ ከታየ ተጨማሪ በረራ ይሰጣል፣ ኢንስትራክተር ይቀየራል፣ ከዚያም ይገመገማል። ዝርዝሩ የየትምህርት ቤቱ ነው፤ ስትመዘገቡ ጠይቁ።

ልጄ ደውላ «ዛሬ አውሮፕላኑ ነጠረብኝ» አለችኝ። እናት ነኝ፤ እንቅልፍ አጣሁ።

እማማ፣ ደውላ ከነገረችዎት ትልቁን ነገር አድርጋለች። የሚያስፈራው የማይናገር ልጅ ነው። «ተይው፣ ተመለሺ» አይበሏት። «ከዚያስ ምን አደረግሽ?» ብለው ይጠይቋት። «ስሮትል ሰጥቼ ተነሳሁ፣ ዞሬ አረፍኩ» ካለችዎት በደንብ ተምራለች፤ ይተኙ።

ሲሙሌተር ላይ ብለማመድ ይጠቅመኛል?

ለጎ-አራውንድ ቅደም ተከተል በጣም ይጠቅማል። እጅ ከስሮትል ወደ ፍላፕ ሳይሳሳት እንዲሄድ ያደርጋል። ለመጨረሻዋ አንድ ሜትር ግን ቤት ያለው ኮምፒውተር ብዙም አይረዳም፤ ወንበሩ ሲሰምጥ በጀርባ የሚሰማው ነገር የለም፣ የስክሪኑ ስፋትም ዓይንን አያሠለጥንም።

ከነጠረብኝ ወዲህ ፈራሁ። እንዴት ልመለስ?

ኢንስትራክተራችሁን ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ በረራ ጠይቁ። ረጅም ማኮብኮቢያ ይመረጥ፣ ነፋሱ የተረጋጋ ይሁን፤ ብዙ ቦታ ማለዳ ይሻላል። መጀመሪያ ሳታርፉ፣ ትንሽ ስሮትል ይዛችሁ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ከፍ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ፤ ኢንስትራክተሩ ስሮትሉን ይያዝ፣ እናንተ አፍንጫውን ብቻ ያዙ። ዓይናችሁ ሩቅ ይሁን። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስታደርጉ፣ ያቺ የምታስፈራ ከፍታ ትለመዳለች። ከዚያ ኢንስትራክተሩ ራሱ ሆን ብሎ ቀለል አድርጎ ያንጥረው፤ እናንተ ጎ-አራውንድ ሥሩ። ቀጥሎ ማረፍ ነው፤ ሲነካም መሪውን ቶሎ አትልቀቁ፣ የፊት ጎማው ራሱ ቀስ ብሎ እስኪወርድ ያዙት።